የጎደለውን በስሙ ጥሪው

ልጄ፣ እንጀራሽ በእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍና መተርጎም ከሆነ አንድ ነገር ልምከርሽ። ብዙዎቹ እኩዮችሽ አንድ ነገር ባነሰ ቁጥር እጃቸው የሚሄደው ወደ አንድ ቃል ነው፤ ዲክሪስ። ዝናቡም ዲክሪስ ያደርጋል፣ ሕመሙም ዲክሪስ ያደርጋል፣ ሕዝቡ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ያለው እምነትም ዲክሪስ ያደርጋል። አንባቢው የሆነ ነገር እንደጎደለ ይገባዋል፤ አጎዳደሉ ግን አይታየውም። ነገር በመጠን ያንሳል፣ በጉልበት ይደክማል፣ ከክብሩም ይወርዳል። ሦስቱን በአንድ ቃል ያለፈ ሰው ሦስቱንም አልተናገረም።

በአማርኛ ይህን ማንም ሳያስተምርሽ ታውቂዋለሽ። ንፋስ ይረግባል፣ ዝናብ ጋብ ይላል፣ ቁጣ ይበርዳል፣ ጨርቅ ይሳሳል፣ ድምፅ ይሰልላል፣ ላም ትነጥፋለች። ወተቷ ያለቀባትን ላም “ቀነሰች” የሚል ሰው የለም። እንግሊዝኛም ለባለቤቶቹ እንዲሁ ነው። ዌን የጨረቃ ነው፤ ሞልታ ስትጎድል የሚባልላት። ኤብ የባሕር ነው፤ ውኃው ከዳርቻ ሲሸሽ። ሁለቱም ተመልሶ መሙላት ያለበትን መጉደል ስለሚያሳስቡ፣ ላይመለስ ለሄደ ነገር ከመጻፍሽ በፊት ቆም በይ። አቤይት ለማዕበል፣ ለንፋስና ለትኩሳት ነው፤ ጉልበቱ ሲበርድ። ሽሪንክ የታጠበ ሹራብ ሲኮማተር ነው። ድዊንድል ደግሞ ስንቅ ወይም መንጋ ጥቂት በጥቂት እየተመናመነ ወደ ማለቁ ሲሄድ ነው፤ ይህን ቃል ስትጽፊ አንባቢው ባዶ ጎተራ ይታየዋልና በዋዛ አታንሺው። ኢሮድ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መቆርጠም ማለት ስለሆነ አይጥን የመሰሉ ቆርጣሚ እንስሳት ከሚጠሩበት ስም ጋር ይዛመዳል። ለተሸረሸረ አፈርም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለተበላ እምነትም ይስማማል። ዲክላይን ከሥሩ ማዘንበል ነው፤ የኛ “አዘቀዘቀ” ጎረቤቱ ነው።

ቃላቱ እንዲህ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1066 ከኖርማንዲ የተሻገሩት ጌቶች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛቸው የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ሆነ። የገበሬውና የመርከበኛው እንግሊዝኛ ከሥር ቀጠለ፤ ላቲን ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት በኩል ይገባ ነበር። ስለዚህ ዌን፣ ኤብና ሽሪንክ የጥንቱ የአገሬው ቃላት ናቸው፤ ዲክሪስ፣ ዲሚኒሽና ሪዲዩስ ከላቲኑ ወገን መጥተው ለመዝገብና ለስሌት የተመቹ ሆኑ። ለሠንጠረዥ እነዚህን ያዢ፤ ዓይን ያየውን ስትተርኪ ወደ ጥንቶቹ ሂጂ።

አሁን ከቃሉ ይልቅ ወደሚያስጠይቀው ነገር ልምጣ። መጀመሪያ ልኩን ጻፊ። 400 ተማሪ የነበረው ትምህርት ቤት ቁጥሩ “ባይ 100” ቀነሰ ካልሽ 300 ተማሪ አሁንም ይማራል ማለት ነው። “ቱ 100” ካልሽ 300 ተማሪ ትምህርት ቤቱን ለቋል። በሁለት ፊደል ስሕተት የአንድ ትምህርት ቤት በጀት ሊዛባ ይችላል። ከ10 ፐርሰንት ወደ 5 ፐርሰንት የወረደውንም እንዲሁ ተጠንቀቂ። በ5 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ወረደ ማለት ልክ ነው፤ በ50 ፐርሰንት ወረደ ማለትም ልክ ነው፤ በ5 ፐርሰንት ወረደ ማለት ግን ውሸት ነው።

ቀጥሎ አድራጊውን ጻፊ። ደመወዝ እንደ ጨረቃ በራሱ አይጎድልም። የመድኃኒት ኮታ፣ የአውቶቡስ ምልልስ፣ የሠራተኛ ቁጥር የሚያንሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ፈርሞ ነው። የቀነሰው ሰው እየታወቀ “ዲክላይን አደረገ” ብለሽ ስትጽፊ የሰውን ውሳኔ የተፈጥሮ ሥራ ታስመስይዋለሽ። እንዲህ ባለው ቦታ ሪዲዩስ ወይም ከት በይና ባለቤቱን ከፊት አስቀምጪ። አለቃሽ ባይወደውም የሚጎዳው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ስለ ክብር መውረድ ደግሞ የአንድ ቃል ታሪክ አለ፤ እሱን ብትይዢው ይጠቅምሻል። ቡፎን የተባለው ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ሊቅ የአሜሪካ ምድር ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ እንስሳቱ ከአሮጌው ዓለም እንስሳት ያነሱና የደከሙ ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው ቶማስ ጄፈርሰን ይህን አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በ1785 ስለ ቨርጂኒያ ጽፎ ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፉ የሁለቱን ዓለም እንስሳት ስምና ክብደት በሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በዚያም አላበቃም፤ ሙስ የተባለውን ግዙፍ የአጋዘን ወገን ከኒው ሃምፕሸር አስፈልጎ በ1787 አጽሙንና ቆዳውን ፓሪስ ድረስ አስመጣ። ቡፎንን በዓይኑ ሊያሳየው ነበር። በዚያው መጽሐፍ ተፈጥሮ በአሜሪካ በኩል ፍጥረቷን ታሳንሳለች ወይ ብሎ ሲሞግት ቤሊትል የሚል ቃል ተጠቀመ። ከእሱ የቀደመ የዚህ ቃል የጽሑፍ ማስረጃ አልተገኘም። ለንደን ላይ አንድ መጽሔት ቢሳለቅበትም ቃሉ ኖረ። ዛሬ ትርጉሙ ማጣጣል ሆኗል፤ ነገሩ ሳያንስ በአፍ ማሳነስ።

ከጄፈርሰን የምትወስጂው ቃሉን ብቻ አይሁን፤ አሠራሩንም ውሰጂ። ቡፎን አነሰ አለ፤ እሱ መዝኖ መለሰ። አንቺም ስለ አንድ ቀበሌ፣ ስለ አንድ ባህል፣ ስለ አንድ ሕዝብ ጉልበት “ተዳክሟል” ብለሽ ስትጽፊ መለኪያሽ ምን እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። መለኪያ ከሌለሽ የምትጽፊው ስለ መጉደል አይደለም፤ እያጣጣልሽ ነው። በደንብ ያልታየ ነገር በወረቀት ላይ አንዴ “ደካማ” ከተባለ፣ ቀጣዩ ጸሐፊ ያንኑ ይገለብጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ እንደ እውነት ይጠቅሰዋል።

ስለዚህ ልጄ፣ መዝገበ ቃላቱን ከመግለጥሽ በፊት አራት ጥያቄ መልሺ። ምኑ ነው ያነሰው፤ መጠኑ፣ ጉልበቱ ወይስ ክብሩ? ከስንት ወደ ስንት? በራሱ ነው ወይስ በሰው እጅ? ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እነዚህን የመለሰች ጸሐፊ ትክክለኛውን ቃል ለማግኘት ብዙ አትደክምም። ያልመለሰች ግን መዝገበ ቃላት ሙሉ ቃል ቢቀርብላትም ዲክሪስ ከማለት አትወጣም።