ጧሪው ማን ነው?

በአማርኛ ለሰው ከሚታዘንባቸው ዕጣዎች አንዱ «ጧሪ ቀባሪ ያጣ» መባል ነው። አነጋገሩ ሁለት ሥራዎችን አንድ ላይ ያስራል፦ በሕይወት ሳሉ መጦር፣ ሲያልፉ መቅበር። ከሁለቱ መቅበሩን ማኅበረሰባችን በሚገባ አደራጅቶታል። ዕድር አለ፤ መዝገብ አለ፤ መዋጮ አለ፤ ለቀረ ሰው መቀጫ አለ። ድንኳኑና ወንበሩ የት እንዳለ ይታወቃል። ልጅ ያልወለደ ሰው እንኳ ዕድርተኛ ከሆነ ያለ ቀባሪ አይቀርም። መጦሩን ግን በአብዛኛው ለልጅ ትተነዋል። ልጅ ከሌለ፣ ልጅ ቀድሞ ከሞተ፣ ልጅ ባሕር ማዶ ከሄደ መዝገቡ ባዶ ነው።

ለምን ይሆን? ብዙዎቻችን መጦር የፍቅር ሥራ ስለሆነ ደንብና መቀጫ አይስማማውም ብለን እናስባለን። በመዝገብ የሚሠራ ነገር ከልብ አይሆንም እንላለን። «ፈረንጅ እኮ እናቱን መጦሪያ ቤት ጥሎ ነው የሚኖረው» የምንለውም ከዚሁ ሐሳብ ተነሥተን ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ አረጋውያንን መንከባከብ በሕግ ሲደነገግና በመንግሥት ሲደራጅ ፍቅር ይቀዘቅዛልን? ወይስ ፍቅር እጅና እግር ያገኛል? ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከማመላለስ ይልቅ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትንና አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የተሰማሩባትን ስዊድንን እንይ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጨረታ የተሰጡ አረጋውያን

ስዊድን ዛሬ ያላትን ሥርዓት ከጥንት ይዛው አልመጣችም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ድኾችንና ረዳት የሌላቸውን አረጋውያን የመርዳት ኃላፊነት የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1862 በወጣው ደንብ የአካባቢው መስተዳድር፣ በእነርሱ አጠራር «ኮሙን»፣ ከአጥቢያው ተለይቶ ሲቋቋም የድኾች ጉዳይ ወደ ኮሙኑ ተዛወረ። እርዳታው ግን ምን ይመስል ነበር? አንዳንዱ አረጋዊ ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት እየተዘዋወረ በየቤቱ ጥቂት ቀን እያደረ ይመገብ ነበር። ሌላው በጨረታ ይቀርብ ነበር፤ ከሕዝብ ገንዘብ ትንሹን ክፍያ ጠይቆ «እኔ እይዘዋለሁ» ያለ ሰው ይወስደዋል። በዝቅተኛ ዋጋ የወሰደ ሰው አረጋዊውን እንዴት እንደሚያበላው መገመት አያስቸግርም። ሁለቱም አሠራሮች በሕግ የተከለከሉት በ1918 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን የመጀመሪያ መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነበር፤ የእኛ የወንጌል ታሪክም ከእነርሱ ጋር የተሳሰረ ነው። ያ ዘመን በዚያች አገር እምነት የጠፋበት ዘመን አልነበረም። የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ፤ መልካም ጎረቤቶች ነበሩ። ሆኖም ዘመድ የሌለው፣ ጠባዩ የከበደ፣ በሽታው የሚያስጠላ ሽማግሌ ለጨረታ ወጣ። መልካም ልብ ፈጥኖ የሚደርሰው በዐይኑ ፊት ላለውና ለሚወደው ሰው ነው። ላልታየውና ላልተወደደው ለመድረስ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን አይሸሽጉም። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በፍቅር የተሞላች ነበረች፤ ግን በየዕለቱ በሚደረገው እደላ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘለሉ (ሐዋ. 6፥1-7)። የተዘለሉት በቋንቋ የተለዩት መሆናቸውን ልብ እንበል። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን «ፍቅር ጎድሏችኋል» ብለው አልገሠጹም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡና ለሥራው እንዲሾሙ አደረጉ፤ የተመረጡት ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ለሥራው የተጠየቀውም መልካም ምስክርነት፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ ነበር። እንግዲህ ማን እንደ በላና ማን እንደ ተረሳ መከታተል በዚያች ቤተ ክርስቲያን ከመንፈሳዊ አገልግሎት ውጭ የሆነ ተራ ጽሕፈት ቤታዊ ሥራ አልነበረም።

«ቦታ የለም» ማለት ሲከለከል

ከጨረታው ዘመን በኋላ ኮሙኖች መጦሪያ ቤቶችን ሠሩ። በ1949 ደራሲው ኢቫር ሉ ዮሃንሶን በእነዚያ ቤቶች የሚኖሩትን አረጋውያን ሁኔታ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ፤ አረጋውያን ከቤታቸው ሳይነቀሉ ይረዱ ሲልም ተከራከረ። በ1950 በኡፕሳላ ከተማ ቀይ መስቀል የቤት እመቤቶችን አሰማርቶ የቤት ለቤት እንክብካቤ ጀመረ፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች ኮሙኖች ተስፋፋ። ከዚያ ጀምሮ ሥርዓቱ በሁለት እግሩ ይሄዳል፦ በመጦሪያ ቤት አልጋና በቤት ለቤት እንክብካቤ።

በ1992 በተደረገው ትልቅ ለውጥ የአረጋውያን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ለኮሙኖች ተሰጠ። ዛሬ 290 ኮሙኖች አሉ። ልጅ ወላጁን የመጦር የሕግ ግዴታ የለበትም፤ ግዴታው የኮሙኑ ነው። አንዲት አሮጊት እርዳታ ሲያሻት ታመለክታለች፤ የኮሙኑ ባለሙያ ሁኔታዋን መርምሮ ይወስናል፤ ባትስማማ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ትላለች። መጦሪያ ቤት ይገባታል ተብሎ ተወስኖ 3 ወር ሳይፈጸም ከቀረ፣ ኮሙኑ ራሱ ለመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። ተቆጣጣሪውም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይችላል፤ ሕጉ ለዓመታት በሠራበት ደንብ ቅጣቱ ከ10,000 እስከ 1,000,000 ክሮነር ይደርሳል። «ቤቱ ሞልቷል» የሚለው መልስ ብቻውን ከግዴታ አያድንም። ሕክምናው ያለቀለት አረጋዊ፣ ኮሙኑ ስላልተዘጋጀ ብቻ ሆስፒታል ቢቆይም ወጪው በኮሙኑ ላይ ይወድቃል፤ ከ2018 ጀምሮ የእፎይታው ጊዜ በመሠረቱ 3 ቀን ነው።

ይህ ቅዝቃዜ ነውን? አይመስለኝም። አረጋዊቷ እርዳታ ለማግኘት ተወዳጅ፣ ባለ ብዙ ልጅ፣ ወይም የታዋቂ ሰው ዘመድ መሆን አይጠበቅባትም። ምጽዋት መብት ሆኗል። እናትን በሌላ ሰው እጅ ማኖርም ሁልጊዜ መጣል አይደለም። ጌታችን ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ፤ ደቀ መዝሙሩም ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26-27)። አደራ መስጠትና መጣል የሚለዩት አንዱ ሰው እያየ፣ እየጠየቀ፣ ተቀባዩን እያወቀ ስለሚያደርገው ነው።

ቁጥሩ ፍርድ ሲሆን

ነገር ግን እዚህ ላይ ከባዱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይመጣል። ከ2000 ወዲህ በነበሩት ዐሥር ምናምን ዓመታት በስዊድን ከአራት የመጦሪያ ቤት አልጋዎች አንዱ ያህል ተዘግቷል። ምክንያቶቹ መጥፎ ብቻ አይደሉም፤ ብዙ አረጋውያን ከቀድሞው የተሻለ ጤና አላቸው፤ ብዙዎቹም በቤታቸው መቆየት ይወዳሉ። ወጪ መቀነሱም አንዱ ምክንያት ነው። ውጤቱ ግን በሩ ጠበበ።

አሁን አሠራሩን በጥንቃቄ እንመልከት። «ያስፈልግዎታል» ወይም «አያስፈልግዎትም» የሚለው ባለሙያ የሚቀጠረው በኮሙኑ ነው። አልጋውን የሚከፍለውም ኮሙኑ ነው። ሕጉ «ቦታ የለም» ማለትን ቀጥቷል። ታዲያ ቦታ ሳይኖር ቢቀር ፈተናው ወዴት ያዘነብላል? «ቦታ የለም» ከማለት ይልቅ «እርስዎ ገና ደኅና ነዎት» ወደ ማለት ያዘነብላል። የመጀመሪያው መልስ ጉድለትን ማመን ነው፤ ጉድለቱም የኮሙኑ ነው። ሁለተኛው ጉድለቱን ወደ አሮጊቷ ያዞረዋል። በሌሊት ሦስት ጊዜ የወደቀች ሴት ፍርሃቷ ልክ እንዳልሆነ ይነገራታል። እያንዳንዱ ባለሙያ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ በቅንነት ይሠራሉ። ግን አልጋውን የሚቆጥረውና ችግሩን የሚመዝነው አንድ እጅ ሲሆን፣ ሚዛኑ ሳይታወቅ ሊንጋደድ ይችላል።

አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል፦ «ገንዘብ ወሰን አለው። ለአንድ አልጋ የወጣው ብር ለመምህር ደመወዝ አይሆንም። ወሰን ማበጀት ኃጢአት ነውን?» ክርክሩ ትክክል ነው፤ ወሰን ማበጀት ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን ለነበረው ለጢሞቴዎስ ስለ መበለቶች ሲጽፍ ወሰን አበጅቷል (1 ጢሞ. 5፥3-16)። በመዝገብ የምትገባው ከ60 ዓመት ያላነሰች ትሁን አለ፤ ቤተሰብ ያላት በቤተሰቧ ትረዳ፣ ቤተ ክርስቲያን በእውነት ብቸኛ የሆኑትን እንድትረዳ አለ። ነገር ግን መስፈርቱን በግልጽ አስቀመጠው፤ ምክንያቱንም ተናገረ። ከመዝገቡ ውጭ የቀረችውንም አልተዋትም፤ ማን እንደሚረዳት አመለከተ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ቅን ወሰን «አቅማችን ይህ ነው» ይላል፤ ቅን ያልሆነ ወሰን «ችግርሽ ችግር አይደለም» ይላል። ስለዚህ የአልጋ ቁጥር የበጀት ሠንጠረዥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማን እንደ ችግረኛ እንደሚቆጠር አስቀድሞ የሚወስን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። በአደባባይ ሊነገርና ሊመረመር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ሕግ የራሱ ዐይን የለውም

ሁለተኛ ችግር አለ። በ1997 በስቶክሆልም አጠገብ ባለችው ሶልና በአንድ መጦሪያ ቤት የምትሠራ ሳራ ቬግኔርት የምትባል ረዳት ነርስ፣ አረጋውያኑ ቸል መባላቸውን አይታ ዝም ማለት አልቻለችም። ነገሩን ለሕዝብ አወጣችው፤ አገርም ተነጋገረበት። ከ1999 ጀምሮ በእንክብካቤ ሥራ ያለ ሰው ጉድለት ሲያይ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ ሕዝቡም በእርሷ ስም «ሌክስ ሳራ»፣ የሳራ ሕግ ማለት ነው፣ ብሎ ጠራው። ያ ቤት ከዚያ በፊትም የሚቆጣጠረው አካል ነበረው። የጎደለው አይቶ የሚናገር ሰው ነበር።

በኮሮና ወረርሽኝም ይኸው ታየ። መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ አገሪቱ አረጋውያንን መጠበቅ እንዳልቻለች ገለጸ። እስከዚያ ድረስ ከሞቱት 90 ከመቶ የሚጠጉት 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች ነበሩ። ድክመቶቹ፣ ለምሳሌ የሠራተኛ ማነስና የኃላፊነት መከፋፈል፣ ወረርሽኙ ከመምጣቱ አስቀድሞ የታወቁ ነበሩ። መጦሪያ ቤቱ የኮሙን ነው፤ ሐኪሙ ግን የሌላ መስተዳድር፣ የክልሉ ነው። ሁለት ጌታ ያለው ሥራ በመካከል ወደቀ። ሕጉ፣ በጀቱና ተቆጣጣሪው ሁሉ ነበሩ፤ የታወቀውን ጉድለት ሳይታክት «ይህ እኔን ይመለከታል» የሚል ግን አነሰ።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ሥርዓት ፍቅርን አያቀዘቅዝም። ሥርዓት ፍቅርን የሚተካ ሲመስለን ግን እኛ እንቀዘቅዛለን። ጌታችን ለቤተ መቅደስ ተሰጥቷል በሚል ምክንያት ወላጆቻቸውን ከመርዳት ያመለጡትን ሰዎች ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)። የዘመናችን ሰው ደግሞ «ግብር ከፍያለሁ» ብሎ ሊያመልጥ ይችላል፤ የእኛም ሰው «ገንዘብ ልኬያለሁ» ብሎ ሊያመልጥ ይችላል። ግብሩም ገንዘቡም መልካም ነው። አይቶ መጠየቅን ግን አይተኩም።

ወጣቱ ምን ይሁን?

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በስደት ስዊድን የገቡ ወገኖቻችን እያረጁ ነው። የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው በኋላ የተማረውን ቋንቋ ቀድሞ ሊያጣ ይችላል፤ ስዊድንኛ ይጠፋና አማርኛው ይቀራል። ፊንላንድኛ፣ ሜንኪየሊና ሳሚኛ ተናጋሪዎች በተወሰኑ ኮሙኖች በቋንቋቸው የመጦር መብት በሕግ አግኝተዋል። አማርኛና ትግርኛ በዚያ ዝርዝር የሉም። እነዚያ በኢየሩሳሌም የተዘለሉት መበለቶች በቋንቋ የተለዩ እንደ ነበሩ እናስታውስ። በዚያ ያለ የወጣቶች ኅብረት በየሳምንቱ አንዲት እናት ዘንድ ሄዶ በቋንቋዋ ቢያጫውታት፣ ምግቧንና ገላዋን ቢያይ፣ የኮሙኑን ደብዳቤ ቢያነብላትና የይግባኙ ቀን ሳያልፍ ቢያስታውሳት፣ ከሰባቱ ሥራ አንዱን ሠራ ማለት ነው። በበጋ ዕረፍት በመጦሪያ ቤት የሚሠራ ወጣትም ያየውን ጉድለት ማሳወቅ ክፋት ወይም ምስጋና ቢስነት እንዳይመስለው። የእርሱ ዐይን ለሕጉ ያስፈልገዋል።

በአገር ቤት ያለነው ደግሞ መዝገብ መክፈት እንችላለን። ዕድር ለመቅበር የሚሆን መዋጮና ተራ ካለው፣ ለመጦርም ሊኖረው የማይችልበት ምክንያት የለም። ቤተ ክርስቲያንም በየሰፈሩ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ከአልጋ መነሣት እንዳቃተው፣ በዚህ ሳምንት ማን እንዳየው የሚጻፍበት አንድ ደብተር ቢኖራት ጅማሬ ይሆናል። አቅማችን ሲያልቅ «አልቋል» እንበል፤ ቀጥሎም ቀበሌውን፣ ወረዳውን፣ ከተማ አስተዳደሩን «እናንተስ?» ብለን እንጠይቅ። አረጋውያኑ ዜጎቻቸው ናቸውና መጠየቁ ተገቢ ነው።

ለኅብረት ውይይት

1. በአጥቢያችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ስንት ናቸው? ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው አለ?
2. በቤተሰባችሁ «አደራ መስጠት» እና «መጣል» የሚለዩት በምን ነው?
3. አቅማችሁ ለሦስት ሰዎች ብቻ ቢበቃና አምስት ቢኖሩ፣ በምን መስፈርት ትወስናላችሁ? ለቀሩት ሁለቱስ ፊት ለፊት ምን ትሏቸዋላችሁ?