ማጉረስ ብቻ ደግነት ነውን?

ማጉረስ ደግነት ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። ታዲያ ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ ጫካ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ የኖረች እናት አንድ ጎኗ ሽባ ቢሆን፣ ዕድሜ ልኳን ብናጎርሳት ረዳናት ይባላል? ኧረ አይባልም! ከጀበናዋ በአንድ እጇ እንድትቀዳ፣ ነጠላዋን ራሷ እንድትለብስ መንገድ የሚፈልግ ሙያ አለ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። በአገራችን ትምህርቱን መጀመሪያ የከፈተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው ትብብር ረድቶታል። ይህን ሙያ የምናስብ ተማሪዎች ባዮሎጂና ሳይኮሎጂ ማጥናታችን ግድ ነው። ግን ያቺ እናት ከነጠላዋ ጋር ሩብ ሰዓት ስትታገል፣ እጃችንን ሰብስበን መጠበቅን የትኛው ደብተር ያስተምረናል? እሱን ከአሁኑ፣ በየቤታችን እንልመድ። ችኩል ደግነት የሰውን እጅ ሥራ ያስፈታል።