ጧሪና ተጧሪ

ጡረታ የሚለው ቃል መጦር ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ልጅ ወላጁን በእርጅናው ዘመን ይጦራል፤ መንግሥትም በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ይህን የልጅ ግዴታ ለሠራተኛው በሕግ አጸናለት። ይሁን እንጂ ሊጦር የሚገባው ሰው ራሱ ገና የብዙዎች ጧሪ ሆኖ ሲገኝ፣ ወንበሩን መልቀቅ የሚገባው መቼ ነው?

በወላይታ፣ መሬቱ ጠባብ ሕዝቡ ብዙ በሆነበት አገር፣ ጥያቄው ይከብዳል። በሶዶ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ የ55 ዓመት መምህር እናስብ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 714 መሠረት፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከ60 ዓመቱ አምስት ዓመት ቀድሞ በፈቃዱ ጡረታ መውጣት ይችል ነበር። የ10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨምራል። መምህራችን በዚያ ስሌት ወዲያው ቢወጣ 55 በመቶ፣ እስከ 60 ቢቆይ 61.25 በመቶ ያገኛል ማለት ነው።

ሰውየውን የሚይዘው ግን ይህች ጭማሪ አይደለችም፤ የአምስቱ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ነው። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ በቤቱ ተቀምጧል። የልጁን ቀለብ የሚሸፍነው ደመወዝ የሚመጣውም እንደ ልጁ ያለ ሌላ ወጣት ከሚጠብቀው ወንበር ነው! ወንበሩ ቢለቀቅ እንኳ ተተኪ ሳይቀጠርበት ሊቀር ስለሚችል፣ እስከ 60 የሚቆየውን ሰው ለመውቀስ አንደፍርም።

ከ60 በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 አገልግሎትን በአንድ ጊዜ እስከ አምስት፣ በጠቅላላው እስከ አሥር ዓመት ለማራዘም ሲፈቅድ፣ ምክንያቱ የተተኪ መታጣት ነበር። ሕጉ ሥራው ሰው ማጣቱን እንጂ ሰውየው ገንዘብ ማጣቱን አልጠየቀም። ተተኪ ሳለ ስለ ቤቱ ችግር ብሎ ማራዘሚያ የሚለምን ሰው፣ ችግሩ እውነት ቢሆንም፣ የሌላውን ተራ ይወስዳል እንላለን።

የወላይታ እናት እንሰቷን ለመቁረጥ ጊዜ ትመርጣለች። ቶሎ ከቆረጠችው ምርቱ ያንሳል፤ አብቦ እስኪያፈራ ከተወችውም በግንዱ ያከማቸው ምግብ ወደ አበባውና ወደ ፍሬው ይሄዳል። ደግሞም ተተኪውን ችግኝ አስቀድማ ትተክላለች። መምህሩም ለመቆየት ከወሰነ፣ ጀማሪውን መምህር ከዛሬ ጀምሮ ወደ ክፍሉ ያስገባው፤ የሚወጣበትንም ዓመት ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይንገር።