ቀድሞ የሄደ ለሚከተለው ምን ዕዳ አለበት?



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የኢትዮጵያዊቱ ንግሥት ባለሟል የነበረውን ጃንደረባ እናገኛለን። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ፣ ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የሆነ ትልቅ ሰው ነው። ሆኖም ፊልጶስ ያነበበው ይገባው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ለመናገር አላፈረም። ፊልጶስም ከታች ሆኖ መልስ ወርውሮለት አላለፈም፤ ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

እኛም እዚህ የደረስነው በመሪ ነው። አንዱን ወንድሙ፣ ሌላዋን የሠፈር ልጅ፣ ብዙዎቻችንን ደግሞ ደላላ መርቶናል። ዛሬ አብረን እንድናስበው የምፈልገው ይሄን ነው፦ ቀድሞ የሄደ ሰው ከኋላው ለሚመጣው ምን ዕዳ አለበት? መንገዱን ማሳየት ብቻ ነው፣ ወይስ ያየውን ሁሉ መንገር?

ጢስ ዓባይን እንውሰድ። ቦታው ሄዶ ያላየ ሰው እንኳ በድሮዋ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ፏፏቴውን ያውቀዋል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በነሐሴና በመስከረም ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ነገር ግን ውሃው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚጠለፍ፣ በበጋ የሄደ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቀጭን ውሃና ራቁቱን የቀረ ገደል ነው። ብሩ ላይ ያለው ሥዕል ውሸት አይደለም፤ አንዱን ወቅት ብቻ ነው የሚያሳየው። እንግዳው በመጋቢት ሲመጣ ታማኝ አስጎብኚ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት «ጌታዬ፣ አሁን ውሃው ትንሽ ነው» ይለዋል። ሌላው ዝም ብሎ ይዞት ይሄዳል። ሁለቱም መንገዱን አሳይተዋል፤ የመሩት ግን አንዱ ብቻ ነው።

ካርቱም ጀብራ የኖራችሁ ሞግራንን ታውቃላችሁ። ከጣና የመጣው ዓባይ ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ከሚመጣው ነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። እኔ ጀብራ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ታላቅ እህቴ «ተነሥ፣ አገርህን ላሳይህ» ብላ ወሰደችኝ። ሱቅ አረቢ ድረስ በአውቶቡስ ሄደን ሌላ መኪና ያዝን። ዳር ላይ ቆመን ስናይ፣ በቀኛችን ድፍርሱ የእኛ ወንዝ፣ በግራችን ግራጫ የመሰለው ነጩ፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ወዲያው አይቀላቀሉም፤ በመካከላቸው ያለው መስመር በዓይን ይታያል።

ከዚያ ሻይ ገዝታልኝ ሌላውን ማሳየት ጀመረች። የቤት ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን የተከለከለችባቸውን ወራት፣ ወረቀት የሌለው ሰው በየትኛው ሰዓት መውጣት እንደሌለበት ነገረችኝ። በሊቢያ በኩል ሄደው ስልካቸው ስለጠፋ ሁለት የጎረቤት ልጆችም አወራችኝ። ጀብራ ውስጥ ያገኘቻቸውን ደጋግ ሰዎችም አልረሳችም፤ ስትታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣውን ሱዳናዊት ጎረቤቷን ጭምር። «ለእማዬ በስልክ የምነግራት ደጉን ደጉን ነው» አለች፤ «አንተ ግን ገና መንገድ ትመርጣለህ፣ ሁለቱንም ስማ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ደላላ ስለ ባሕሩ መንገድ ሊያወራኝ ቤት ድረስ መጣ። ያሳየኝ የፎቶ ብዛት! እኔም «በአንተ በኩል ሄዶ የደረሰ፣ አሁን ደውዬ የማናግረው ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ነገ አመጣልሃለሁ ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ያቺን ጥያቄ ያገኘኋት ከእህቴ ወሬ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ቀኑ ቅዳሜ ሹር ነበር። የጀብራ ሰው ለፋሲካ የያዘውን ዝግጅት ትቶ ተበተነ። ዛሬ እኛ በተራችን ቀድመን የሄድን ሆነናል። አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድም፣ ሌላ ከተማ የቀረችው እህት ይደውላሉ፦ «እዚያ እንዴት ነው? ልምጣ?» ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ነው ዕዳችን የሚታወቀው።

አንዳንዱ «ችግሬን ብነግር እናቴ ትታመምብኛለች» ይላል። እውነት አለው። የማይጓዝ ሰው የመንገዱን እሾህ ሁሉ መቁጠር የለበትም፤ እናትን ከእንባ ማዳንም ፍቅር ነው። ነገር ግን ሻንጣውን እያሰረ ላለ ሰው ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዝምታ ላይ ተማምኖ ቤት ይሸጣል፣ በረሃ ይገባል። ከተማ ስንወርድ የተነሣነው አንድ የሚያምር ፎቶም ሳናስበው የደላላውን ሥራ ሊሠራለት ይችላል።

ክፉውን ብቻ መዘርዘርም መምራት አይደለም። በዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ምድሪቱን ሊሰልሉ የሄዱት አሥራ ሁለት ሰዎች የወይኑን ዘለላም ተሸክመው መጡ፣ ስለ ግዙፎቹ ሰዎችም ተናገሩ። አሥሩ ግን ፍርሃታቸውን አግንነው የሕዝቡን ልብ አቀለጡት። ዛሬም ሁሉን ነገር ሲኦል አድርገን ብንነግረው ታናሻችን «እኔ እንዳላልፍለት ነው» ብሎ ጆሮውን ይዘጋል። የራሽኑን ማነስ ስንነግረው፣ ልጆቹ የሚማሩባትን ዳስና ቡና የሚያጠጣንን ጎረቤትም እንንገረው። ያኔ ያምነናል።

ወቅቱንም እንንገረው። በክረምት ዓባይ ሲሞላ ነጩን ወንዝ ገፍቶ ያቆመው ነበር፤ በበጋ ግን ወደ ሰሜን ከሚወርደው ውሃ የሚበዛው የነጩ ነበር። ሞግራንን በጥር ያየና በነሐሴ ያየ ሰው ስለ አንድ ቦታ ሁለት ወሬ ያወራሉ። መንገድም እንደዚያው ነው፤ አምና ሰላም የነበረው ዘንድሮ ተዘግቶ ይሆናል። ስለዚህ «እኔ ያለፍኩት በዚህ ወር በዚህ ዓመት ነው፤ ዛሬ ያለውን አጣራ» ማለት ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእሱ ነው። ጃንደረባውም ከፊልጶስ ከተለየ በኋላ መንገዱን የቀጠለው ራሱ ነው። የእኛ ድርሻ እስከዚያ ድረስ አጠገቡ መቀመጥ ነው።

በዚህ ሳምንት በየቤታችን እንነጋገርበት፦ ከእኔ ወሬ ተነሥቶ መንገድ ሊጀምር የሚያስብ ማን አለ? እስካሁን ከሁለቱ ውሃ የትኛውን ነው ያሳየሁት?