ሽርሽር የወጣ ሙስሊምና የግጭ ሰዎች ሐቅ

 

የከተማ ሙስሊሞች ዕረፍት የምናሳልፍበት መንገድ ተለውጧል። ቀድሞ ዒድ ሲደርስ ዘመድ ለመጠየቅ አገር ቤት እንወርድ ነበር። አሁን አሁን ቤተሰብን በመኪና ይዞ ተራራና ሐይቅ ማየት እየተለመደ ነው። ይህ በራሱ አይነቀፍም። ቁርኣን በምድር ላይ እንድንጓዝና የአላህን ሥራ እንድናስተውል ደጋግሞ ያዛል። የሚያሳስበው በሄድንበት አገር ያለው ሰው በእኛ ላይ ያለው ሐቅ ነው።

የስሜን ተራሮችን እንውሰድ። ቀድሞ ጎብኚ ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይወርዳል። እዚያ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ወጥ ቤትና በቅሎ ተከራይቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ እያደረ ለቀናት በእግሩ ይጓዛል። ገንዘቡ በብዙ እጅ ይገባል። ዛሬ በመኪና ማልዶ ወጥቶ፣ ጭላዳ አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዚያው ቀን መመለስ የመረጠው በዝቷል። (ጭላዳውማ ሣሩን እየነጨ ቁጭ ብሏል፤ የሚራወጠው የእኛ ሰው ነው።) ዳቦውና ውኃው ከጎንደር ተጭኖ ስለሚመጣ ደባርቅ የምትታየው በመስኮት ነው።

አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ የግጭ ሰዎች በፓርኩ ውስጥ ገብስ እየዘሩ፣ ከብት እያረቡ ይኖሩ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ሣሩ በግጦሽ ተራቁቶ ነበር፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ከስሜን በቀር የትም የማይገኘው ዋልያም የአላህ አማና ነው። ስለዚህ በ2016 የመንደሩ ሰዎች ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ዳርቻ ወረዱ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ተፋቀ። ከጓሮው ገብስ ያፍስ የነበረው አባወራ ግን በከተማ እህል ሸማች ሆነ። በ2020 ወረርሽኙ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ በ2023 ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተነሣ። በጎብኚ ያድር የነበረው በቅሎ ነጂ ሥራ ፈታ።

እኛ የምናደንቀው አረንጓዴ ሜዳ የእነርሱ እርሻና ግጦሽ ነበር። ታዲያ መንገዱ ሰላም ሆኖ ስንሄድ በመስኮት ለሕፃናት ከረሜላ መወርወርን ሶደቃ ብለን እንቁጠረው? በሥራው ሊያድር የሚችልን ሰው ለማኝ ማድረግ ነውር ነው። ደባርቅ እደሩ። ሙስሊም ያረደውን የሚያቀርብ ቤት ጠይቃችሁ እዚያ ብሉ። በቅሎ ተከራዩ፤ ከነጂዎቹ መካከል ከግጭ የወረዱ እንዳሉም ጠይቁ። ዋጋ ስትነጋገሩ በዚያ ብርድ ደጅ የሚያድረው እርሱ መሆኑን አስቡ። ከተራራው እንደወረዳችሁም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛን ዋጋ እንዳናዘገይ ስላስተማሩን ሒሳቡን እዚያው ቆጥራችሁ ስጡት።