ስምን ለመታሰቢያ መስጠት

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ወላጆች በልጃቸው መጠሪያ ስምና በቤተሰቡ ስም መካከል ሌላ ስም ያስገባሉ። ይህ የመካከል ስም በየዕለቱ አይጠራም፤ የሚታየው በልደት ምስክር ወረቀት፣ በፓስፖርትና በመሳሰሉት ሰነዶች ላይ ነው። ብዙ ጊዜም የአያት፣ የአክስት ወይም በቅርቡ ያረፈ ዘመድ ስም ነው። ልማዱ ቀላል ቢመስልም ከሥሩ ከባድ ጥያቄ አለ። የአንዱን ስም ለሌላው መስጠት ባለስሙን የሚያከብረው በምን መንገድ ነው? የሞተው አይሰማ፣ የተወለደው ገና አያውቅ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ፣ የተጸውዖ ስም ባለቤቱን ከማመልከት አልፎ ስለ ባሕርዩ የሚናገረው ነገር የለም ብሏል። ጀግናው የተባለ ሰው ፈሪ ሆኖ ቢያድግም መጠሪያው ጀግናው እንደሆነ ይቀራል። አሜሪካዊው ሶል ክሪፕኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው ንግግሮች፣ ስምና ባለስም የሚተሳሰሩት ስም በወጣ ዕለት መሆኑን፣ ከዚያም ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ወደዚያው ሰው እንደሚያመለክት አስረድቷል። ይህ ሐሳብ እስከ ዳር ከተወሰደ የአያቱ ስም የወጣለት ሕፃን ከአያቱ የወረሰው ድምፁን ብቻ ነው። አዲስ ስም የማውጣት ሥርዓት ስለተፈጸመለት ስሙ የራሱ፣ የሚያመለክተውም ራሱን ነው።

ታዲያ ስሙ አያትን ካልተሸከመ ክብሩ መገኘት ያለበት ስም አውጪዎቹ በሚያደርጉት ነገር ውስጥ ነው። የእናቱን ስም ለልጁ የሚሰጥ አባት ሳያውቀው ቃል ይገባል፤ ልጁ አድጎ «ይህ የማን ስም ነው?» ሲል የሚነግረው ታሪክ እንዲኖር ግዴታ ይገባል። ግዴታው ከተፈጸመ ሟቿ ባላየቻቸው ሰዎች ዘንድ ትታወቃለች። ካልተፈጸመ ግን ስሙ በዘፈቀደ ከተመረጠ ስም አይለይም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ጉዳይ ከሚጠበቀው በላይ በጥንቃቄ ይዘውታል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ሕግ መሠረት፣ ያለ ልጅ የሞተ ሰው ሚስቱን ወንድሙ ያገባል፤ የሚወለደው በኩርም የሟቹ ስም እንዳይጠፋ በስሙ ይቆማል። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ሩትን ለማግባት በከተማው በር በሽማግሌዎች ፊት የተናገረው ይህንኑ የሟቹን ባሏን የመሐሎንን ስም ስለ ማስነሣት ነበር። ልጁ ሲወለድ ግን ጎረቤት ሴቶች ኢዮቤድ አሉት፤ መሐሎን ያለው የለም። በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው የትውልድ ቆጠራም ኢዮቤድን የቦዔዝ ልጅ ያደርገዋል። ስም ማስነሣት ማለት መጠሪያን መድገም ቢሆን ኖሮ ቦዔዝ ቃሉን ባፈረሰ ነበር። መጽሐፉ ግን ቃሉን እንደጠበቀ ቆጥሮ ያመሰግነዋል፤ የተነሣው ስም የሟቹ ርስት፣ በወንድሞቹ መካከል ያለው ቦታና የእናቱ የኑኃሚን የእርጅና መጦሪያ ነውና።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ደግሞ ክርክሩ በሕፃኑ ፊት ይነሣል። በስምንተኛው ቀን ዘመድ ተሰብስቦ ልጁን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊለው ሲል እናቱ ኤልሳቤጥ ዮሐንስ ይባላል ትላለች። ዘመዶቿ ከወገንሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ይሞግቷታል፤ አባትየው በሰሌዳ ላይ ጽፎ የእርሷን ቃል ያጸናል። ቤተ ዘመድ ስምን እንደ ርስት ማየቱ ያን ጊዜም የተለመደ ነበር። ወንጌሉ ያንን ልማድ አያወግዝም፤ ሕፃኑ የተለየ ጥሪ ካለው ግን ልማዱ እንዲለቅለት ያደርጋል። በእስልምና በኩል ነቢዩ ሙሐመድ ከማሪያ የተወለደላቸውን ልጅ በአባታቸው በኢብራሂም ስም እንደሰየሙ በሐዲስ ተዘግቧል። «አባት» የተባለው ከብዙ ትውልድ በፊት የነበረው ነቢይ ነው። ስለዚህ በዚያ ስም የተከበረው የሥጋ ዝምድና ብቻ ሳይሆን የእምነት ውርስም ጭምር ነበር።

በሕይወት ያለ ሰው ስም ይሰጣል ወይስ አይሰጥም በሚለው ላይ አይሁድ ራሳቸው ተለያይተዋል። የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አሽከናዚዎች ሕፃንን በሟች ዘመድ ስም እንጂ በሕያው አይሰይሙም፤ የሕያውን መስጠት ዕድሜውን እንዳያሳጥር ይሰጋሉ። ከስፔንና ከፖርቱጋል የወጡት ሴፋርዶች ግን አያት በሕይወት ሳሉ ስማቸው ለልጅ ልጅ ሲሰጥ ማየትን እንደ ትልቅ ደስታ ይቆጥራሉ። ለመጀመሪያዎቹ ክብር የሚጀምረው ከሞት በኋላ ነው። ለሁለተኞቹ ግን ባለክብሩ ሊሰማው ይገባል። የሴፋርዶች ልማድ አንድ ጥቅም አለው፤ ልጁ የስሙን ታሪክ ከባለቤቱ አፍ ይሰማል።

ስም መውረስ ምን ያህል ሊያከብድና ምን ያህል ሊያፈራ እንደሚችል የሆላንዱ ሠዓሊ ቤተሰብ ያሳያል። ቪንሰንት ቪለም ቫን ጎህ በዙንደርት መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1853 ተወለደ። ቪንሰንት የአባቱ አባት ስም ነው፤ የመካከሉ ቪለም የእናቱ አባት። ልክ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ቀን ሞቶ የተወለደ ወንድሙም ቪንሰንት ተብሎ ነበር፤ መቃብሩም ቄሱ አባታቸው በሚሰብክበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር። ሠዓሊው የራሱን ስም በመቃብር ድንጋይ ላይ ሊያነበው ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1890 መጀመሪያ ወንድሙ ቴዎ ወንድ ልጅ ወለደና ቪንሰንት ቪለም አለው። በዚያን ጊዜ በሳን ሬሚ ሕክምና ተቋም የነበረው ሠዓሊ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ልጁ በሟቹ አባታቸው ስም ቢጠራ ይመርጥ እንደነበር ገለጸ። ሆኖም ለሕፃኑ የአበበ የለውዝ ቅርንጫፍ በሰማያዊ ሰማይ ላይ ሣለለት። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሠዓሊው ሞተ፤ ስድስት ወር ቆይቶ ቴዎ ተከተለው። ሕፃኑ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ ዮ ሥዕሎቹን ጠበቀች፤ የወንድማማቾቹንም ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1914 አሳተመች። ልጁ መሐንዲስ ሆነ፤ በኋላም ስብስቡ ሳይበተን እንዲቆይ ፋውንዴሽን አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በአምስተርዳም ሙዚየሙ ተከፈተ። አጎቱን የማያስታውስ ሰው ስሙን ተሸክሞ ሥራውን ለዓለም ያቆየው የምትነግረው እናት ስለነበረችው ነው።

በኢትዮጵያ ሥርዓቱ ሌላ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። የአባት ስም ማንም ሳይመርጠው ይከተላል፤ ስለዚህ ማስታወሱ በምርጫ ሳይሆን በሥርዓት የተያዘ ነው። የአያት ስም መድገም ሲያስፈልግ ደግሞ በመጠሪያ ስም ላይ ይውላል። ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አባታቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ከወለዷቸው ወንዶች አንዱን መኮንን አሉት። ልዑሉ የሐረር መስፍን ተብሎ አያቱ ይገዙት በነበረው አገር ስም ተጠራ። ቤተ ክርስቲያን ግን ሟችን የምታስበው በሌላ መንገድ ነው። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ እንደ ገብረ ሚካኤል ወይም ወለተ ማርያም ያለ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል፤ በፍትሐትና በተዝካር የሚነሣው ይኸው ስም ነው። ሟቹን የሚያነሣው ጸሎቱ እንጂ የሕፃኑ መጠሪያ አይደለም።

ልጅ የሞተበት ቤት ቀጥሎ የተወለደውን ምትኩ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ ወይም ተካልኝ ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። እነዚህ ስሞች የሟቹን መጠሪያ አይደግሙም፤ ኀዘኑን ግን በግልጽ ይናገራሉ። እውነተኛነታቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን የሚያከብሩት ሟቹን ከሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ሕያው ልጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ጉድለት ሞላ እየተባለ ይጠራልና። የመካከል ስም ከዚህ አንጻር ጥሩ ጎን አለው። መታሰቢያው በሰነዱ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁም የራሱን የመጀመሪያ ስም ይዞ ያድጋል።

ወደ አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህ ጥያቄ በሆስፒታል ቅጽ ላይ ይገጥማቸዋል፤ ሦስት ቦታ አለ፤ መሙላት ደግሞ የነሱ ነው። ብዙዎች የአባትን ስም በመካከል፣ የአያትን በመጨረሻ ያደርጋሉ፤ እንዲህ ሲሆን የአገር ቤቱ ሥርዓት በከፊል ይቀጥላል። የአባትን ስም ወደ መጨረሻው ቦታ የሚያዛውሩም አሉ፤ ያን ጊዜ መካከሉ ባዶ ይሆናል። እዚያ ላይ የአያትን፣ ማለትም የሴት አያትን ስም ማስገባት ይቻላል። በኢትዮጵያ የስም ሰንሰለት ላይ ሴት የለችም፤ ልጆቿን ያሳደገች፣ ማሳ ያረሰች፣ ቤት ያቆመች እናት ስሟ ከልጆቿ ስም ኋላ አይከተልም። ከዚህ ከሰንሰለቱ ውጭ ከቀሩት አንዷን ወደ ውስጥ ማስገባት ተገቢና የዘገየ ክብር ነው።

ሁለት አያቶች ሲኖሩ ግን የማንኛዋ ይሁን የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1884 በሚዙሪ ግዛት የተወለደው ሃሪ ኤስ. ትሩማን፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በዚህ ችግር ምክንያት የመካከል ስም ሳይሆን ፊደል ነው የደረሰው። የአባቱ አባት አንደርሰን ሺፕ ትሩማን፣ የእናቱ አባት ሰለሞን ያንግ ነበሩ። ወላጆቹ ማንንም ሳያስቀይሙ ሁለቱንም ለማስደሰት ለሁለቱም የምትሆን አንዲት ፊደል ብቻ አስገቡ። ፊደሏ ለየትኛውም ስም አትቆምም፤ ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ማን እንደነበሩ ለልጁ መንገር ግን አሁንም የወላጆቹ ሥራ ነበር።