የጎረቤት ፀሐይ የማን ናት?

አንዲት እናት አሉ፤ ለዓመት የሚሆናቸውን በርበሬ በግቢያቸው ሲያሰጡ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ዘንድሮ ግን ስጡ አልደርቅ አላቸው። ከአጥራቸው ማዶ የቆመው የንግድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቁን ከጨረሰ ወዲህ ገና በስምንት ሰዓት ጥላው ግቢያቸውን ይሸፍነዋል። አቤቱታቸውን ለባለሕንፃው ወኪል ቢያሰሙ የተሰጣቸው መልስ፣ «ሕንፃው ፈቃድ አለው፤ ፀሐይ ደግሞ ካርታ የላትም» የሚል ሆነ።

መልሱ ሲሰሙት ፈገግ ያሰኛል፤ ሲያስቡበት ግን ቀላል አይደለም። ለመሆኑ ሰው በስሙ ያልተመዘገበ ነገር ሲወሰድበት ተበደልኩ ማለት ይችላል? የፀሐዩ፣ የሌሊቱ ጸጥታ፣ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉባት ቅያስ፣ የማናቸውም ባለቤት አይደለንም። ኑሯችን ግን በእነርሱ ነው።

በቅድሚያ የወኪሉን ወገን በቅንነት እንስማ። ከተማ ያለ ሕንፃ፣ ሕንፃም ያለ ጥላ አይሆንም። ዛሬ ሕንፃውን የሚያማርረው ሰው ነገ ከምድር ቤቱ ዳቦ ለመግዛት ቀዳሚ ነው፤ ልጁም እዚያው ሥራ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ከቅሬታችን ውስጥም «እኔ ቤቴን ሠርቻለሁ፤ ከእንግዲህ ሌላው አይሥራ» የምትል ራስ ወዳድነት አትጠፋም። ደግሞስ ንግድ ለመኖሪያ ሰፈር መቼ ባዕድ ሆኖ ያውቃል? በቀድሞዋ ፒያሳ ከሥር ሱቅ ከፍቶ ከላይ መኖር የተለመደ ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅም እስከ ዛሬ ከሸቀጡ ጀርባ ይተኛል።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባለሱቁ በሱቁ ምክንያት የሚነሣውን ጫጫታ ራሱም ይሰማዋል። ሰው ሲሞት ሱቁን ዘግቶ ለቀስተኛ ይሆናል፤ የእድሩን ወንበር ይሸከማል። የሕንፃው ጌታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰፈር ያድራል፤ አለዚያም አክሲዮን ማኅበር ነው። ሕግ ለማኅበር ሰውነት ሰጥቶታል፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ሀብት ያፈራል። ለቅሶ ግን አይደርስም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያጓራው ጌታው በሌለበት ነው። የእድሩ ድንኳን ይተከልበት የነበረው መንገድም የጭነት መኪና መቆሚያ ይሆናል። ትርፉ ለአንዱ፣ መከራው ለሌላው ሲደርስ ጉርብትና የሚባለው ነገር ያን ጊዜ ይፈርሳል።

ሕጋችንም ይህን አልዘነጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ፣ ጢሱ፣ ጥላሸቱ፣ መጥፎ ሽታው፣ ድምፁና ንዝረቱም ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ልኩንም በቁጥር አልወሰነውም፤ የአካባቢው ልማድ እንዲታይ አዘዘ እንጂ። እርግጥ ነው፣ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ብዙዎች ከዚህ የሚማሩት «የኔ ካልሆነ ምን አገባኝ» ማለትን ነው። ለእኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል፤ መሬቱ የሕዝብ ከሆነ፣ ሕዝብ ከሚባለው ውስጥ በርበሬ የሚያሰጡት እናትም አሉበት።

ታዲያ ለምን ዝም እንላለን? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ፒያሳና አካባቢዋ ሲፈርሱ ያየ የቀበሌ ቤት ተከራይ ስለ ጥላ አፉን አይከፍትም። ስለ ጥላው ሲጠይቅ ስለ ራሱ ቤት እንዳይጠየቅ ይሰጋል። ስለዚህ የዝምታው ምንጭ ስምምነት ነው ብሎ መውሰድ ራስን ማታለል ነው።

ልማዳችንን ግን እንመልከት። ሠርግ የደገሰ ሰው ዳሱን ከመጣሉ በፊት በጎረቤቱ በር ይቆማል፤ «ነገ እናስቸግራችኋለን፣ ከበሮውም ያስነቃችኋል፣ አትቀየሙን፤ ኑና አብራችሁን ሁኑ» ይላል። ጎረቤቱ ሠርጉን ለማስቀረት ሥልጣን የለውም፤ ማንም ያን አይጠብቅም። ቢሆንም ይነገረዋል፣ ሐሳቡም ይሰማል፤ ዳሱ በሩን ከዘጋበትም ትንሽ ይሸሽለታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያሰኘውም ይኸው መከባበር ነው። ለአንድ ሌሊት ከበሮ ይቅርታ የሚጠየቅበት አገር፣ ዕድሜ ልክ ለሚቆይ ጥላ አንዲት ቃል ሳይተነፈስ ሲቀር እጅግ ይከብዳል። ጎረቤትን ማማከር ልማትን ማገድ አይደለም። ምናልባት ጄኔሬተሩ ወደ ማዶው ጥግ ይዛወር ነበር፤ የመኪናው ማራገፊያም በሌላኛው በር ይሆን ነበር።

እኒያ እናት ሕንፃው ይፍረስልኝ አላሉም። በርበሬውን ጠቅልለው ወደ እኅታቸው ግቢ ሲልኩ ያሉት ይህን ብቻ ነበር፤ «ከመቆሙ በፊት አንድ ሰው መጥቶ በሬን ቢያንኳኳ ምን ነበረበት?»